ያጸዳሁት በገና

ባለፈው ታኅሣሥ የሥራ ባልደረባዬ ወላጆቹን ሊጠይቅ ለሦስት ሳምንት ሲሄድ የቤቱን ቁልፍ ለጎረቤቱ፣ ድመቱን ለእህቱ፣ ዴቭን ደግሞ ለእኔ አደራ ሰጠ። ዴቭ ሰው አይደለም። ቾርድ ኤሌክትሮኒክስ የተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው ዲጂታል-ወደ-አናሎግ መቀየሪያ ነው፤ የዘርፉ ሰዎች በአጭሩ ዳክ ይሉታል። ለእናቴ በስልክ «ዳክ ተውሼ ቤት አስቀምጫለሁ» ስላት «አሜሪካ ዳክዬ ቤት ውስጥ ያረባሉ እንዴ?» አለችኝ። ዋጋውን አልነገርኳትም። ከአሥር ሺህ ዶላር በላይ ነው። ብነግራት ዳክዬ ቢሆን ይሻል ነበር የምትለኝ ይመስለኛል።

ባልደረባዬ ይህን ማሽን እኔ ዘንድ ያስቀመጠው ሌባ ፈርቶ ብቻ አይደለም። ሁለት ዓመት ሙሉ ምሳ ሰዓት ላይ ስንከራከር ኖረናል። እሱ በየዓመቱ ኅዳር ገደማ እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሮክቪል ውስጥ ወደሚካሄደው ካፒታል ኦዲዮፌስት የሚሄድ፣ ስለ ድምፅ ሲያወራ ዓይኑ የሚያበራ ሰው ነው። እኔ ደግሞ ኤሌክትሪካል ምሕንድስና ተምሬ፣ የሲግናል ኮርስ ላይ ተሰቃይቼ፣ ኋላ ኮድ ጸሐፊ የሆንኩ ሰው ነኝ። «አፕል በዘጠኝ ዶላር የሚሸጣት የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ውስጥም እኮ ዳክ አለ፤ ሥራዋን በሚገባ ትሠራለች» እለዋለሁ። እሱ ይስቃል። ሲሄድ ሰባት ኪሎ ገደማ የሚመዝነውን ጥቁር የአሉሚኒየም ሣጥን በሁለት እጁ ታቅፎ አመጣና «ሦስት ሳምንት አለህ፤ ስመለስ እንነጋገራለን» ብሎኝ ሄደ።

ክርክራችን ስለ ምን እንደሆነ ትንሽ ላስረዳ። ሲዲ ላይ ያለው ሙዚቃ የቁጥር ዝርዝር ነው። ለግራ ጆሮ በሰከንድ 44,100 ቁጥር፣ ለቀኝ ጆሮ ሌላ 44,100፤ እያንዳንዱ ቁጥር ከ65,536 ደረጃዎች አንዱን ይይዛል። የዳክ ሥራ ይህን ዝርዝር መልሶ ወደሚወዛወዝ ኤሌክትሪክ፣ ማለትም ማዳመጫው ወደሚገባው ቋንቋ መለወጥ ነው። ብዙ ሰው በቁጥሮቹ መካከል የጠፋ ነገር ያለ ይመስለዋል። የለም። ክላውድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው ጽሑፍ እንደተረጋገጠው፣ ድምፁ ውስጥ ያለው ከፍተኛው ድግግሞሽ በሰከንድ ከተወሰዱት ነጥቦች ቁጥር ከግማሽ በታች እስከሆነ ድረስ በነጥቦቹ ላይ የሚያልፈው መስመር አንድና አንድ ብቻ ነው። ሌላ መስመር ሊኖር አይችልም። ይህን መጀመሪያ የተማርኩ ቀን ከክፍል ስወጣ ተአምር ያየሁ መስሎኝ ነበር፤ አሁንም ይመስለኛል።

ችግሩ ያን መስመር አንድም ሳያዛንፉ ለመሥራት ወደ ኋላም ወደ ፊትም ማለቂያ የሌለው ስሌት ያስፈልጋል። ማለቂያ የሌለው ነገር ደግሞ በሣጥን ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ሁሉም አምራች የሆነ ቦታ ላይ ይቆርጠዋል። አንዲትን ቅጽበት ለመሥራት ስሌቱ የሚያማክራቸው የጎረቤት ነጥቦች ታፕ ይባላሉ። በተለመዱት ቺፖች ውስጥ ቁጥራቸው በመቶዎች ነው። የዴቭ ንድፍ አውጪ ሮብ ዋትስ 164,000 አድርጎታል። እንደ ሌሎቹ የተዘጋጀ የዳክ ቺፕ ገዝቶ አልገጠመም፤ ኤፍፒጂኤ በሚባል ውስጡ ተመልሶ በሚቀረጽ ቺፕ ላይ ስሌቱን ራሱ ጻፈው። ጆሮ ከምናስበው በላይ የድምፅን አነሳስ ቅጽበት ይለያል፤ መስመሩ በአጭሩ ሲቆረጥ መጀመሪያ የሚጎዳው ያ አነሳስ ነው ብሎ ያምናል። እንደ ኮድ ጸሐፊ ይህ ልቤን ይነካኛል። ሣጥኑ ውስጥ ያለው አንድ ሰው ለዓመታት የሞረደው ኮድ ነው። እንደ መሐንዲስ ግን ጥያቄዬ አልተመለሰም፦ ይሰማል ወይ?

የመጀመሪያው ምሽት ይሰማ ነበር። ኧረ በጣም ይሰማ ነበር።

መብራት አጠፋሁ። ስልኬን ሌላ ክፍል ወረወርኩ። የዴቭ ክብ ስክሪን እንደ መርከብ መስኮት ብቻዋን ታበራለች፤ ላይዋ ላይ 44.1 የሚል ቁጥር አለ። መጀመሪያ የከፈትኩት ፍራንሲስ ፋልሴቶ ካዘጋጀው የኢትዮፒክስ ተከታታይ 21ኛውን ቅጽ፣ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ፒያኖ ነበር። ይህን አልበም ተማሪ ሳለሁ ፈተና ሳጠና እንደ መጋረጃ እጠቀምበት ነበር፤ የዶርሙን ጫጫታ እንዲሸፍንልኝ። ያን ምሽት ግን ፒያኖው ክብደት አገኘ። ጣቷ ከቁልፉ ላይ ሲነሳ ድምፁ ወዲያው አይሞትም፤ ይሳባል፣ ይቀጥናል፣ ቀጣዩ ሲመጣ የቀድሞው ጭራ ገና ከሥሩ አለ። ሁለቱ አይደባለቁም። ጥድፊያ የሚመስሉኝ የነበሩት እነዚያ የሚንጠባጠቡ ኖታዎቿ ለካ እያንዳንዳቸው ተለይተው የተቀመጡ ናቸው።

ከዚያ ማሕሙድ አሕመድ፣ «ኧረ መላ መላ»። ቤዙ ከድምፁ ሥር ቁጭ ብሎ ዙሩን ይገፋል፤ ሳክስፎኑ ሲገባ እስትንፋስ የሚወስድ ሰው መሆኑ ይታወቃል። ከዚያ ሙላቱ፣ የቫይብራፎኑ ብረት ሲመታና ከተመታ በኋላ ሲንሳፈፍ። ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሆነ። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ የዕቃ ገምጋሚዎች የሚጽፉትን፣ እኔ ስስቅበት የኖርኩትን ዓይነት ዓረፍተ ነገር ጽፌ አገኘሁት፦ «መጋረጃ የተገፈፈ ይመስላል።» አፈርኩ። ግን አልሰረዝኩትም።

እንዲህ ሳምንት አለፈ። ከሥራ እመጣለሁ፣ ራቴን ቶሎ እበላለሁ፣ መብራት አጠፋለሁ። አብሮኝ የሚኖረው ወዳጄ «ሱባኤ ገባህ እንዴ?» ይለኝ ጀመር።

በሁለተኛው ቅዳሜ ሱባኤዬን ራሴ በጠበጥኩት። ምሕንድስና የተማረ ሰው ደስታውን ካልለካው እንቅልፍ አይወስደውም መሰለኝ። ወዳጄን ለምኜ ፈተና አዘጋጀን። ዓይኔን በነጠላ አሰርኩ። እሱ ከኋላዬ ሆኖ ሳንቲም እየወረወረ የማዳመጫዬን ገመድ አንዴ ዴቭ ላይ፣ አንዴ የዘጠኝ ዶላሯ መሰኪያ ላይ ይሰካል፤ እኔ የትኛው እንደሆነ እናገራለሁ። አሥራ ስድስት ጊዜ። አሥራ አራቱን አገኘሁ። ነጠላውን ፈትቼ ዘለልኩ። ለባልደረባዬ የምጽፈውን የይቅርታ መልእክት በሐሳቤ ማዘጋጀት ሁሉ ጀመርኩ።

ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ሞልቲሜተር አወጣሁና የአንድ ሺህ ኸርትዝ ድምፅ እያጫወትኩ የሁለቱን ቮልቴጅ ለካሁ። ዴቭ በአንድ ዴሲቤል ከምናምን ከፍ ብሎ ነበር። አንድ ዴሲቤል ማለት ድምፁ ጨመረ ብለህ የማትለው፣ ግን «ይሄኛው ይሻላል» የምትልበት ልዩነት ነው። ጆሮ ትንሽ ከፍ ያለውን ነገር ጥራት ብሎ ይጠራዋል፤ ይህን ሻጮች ከመሐንዲሶች ቀድመው ያወቁት ነው። ሁለቱን ልዩነታቸው ከዴሲቤል አንድ አሥረኛ እስኪያንስ ድረስ አስተካከልኩና እንደገና ነጠላዬን አሰርኩ።

ከአሥራ ስድስቱ ዘጠኝ። ዝም ብዬ ብገምትም ስምንት ገደማ አገኝ ነበር።

ወዳጄ የማዳመጫውን ገመድ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና «ለዚህ ነው ሁለት ሰዓት ያቆምከኝ?» አለኝ።

ከዚህ ተነስቼ ዴቭ ገንዘብ ማባከኛ ነው ልል አልፈልግም። የተለካው የእኔ ጆሮ፣ በእኔ ማዳመጫ፣ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ባልደረባዬ ይሰማኛል ካለ ውሸታም የምለው በምን አቅሜ ነው? የገረመኝ ሌላው ነው። ያ ሁሉ የእማሆይ ጭራ፣ ያ የሳክስፎን እስትንፋስ፣ በዘጠኝ ዶላሯም ውስጥ ነበረ ማለት ነው። ዶርም ውስጥም ነበረ። ያልነበርኩት እኔ ነኝ።

ይሄን ካወቅሁ በኋላ ነገሩ ያበቃል ብዬ ነበር፤ ግን ማታ ማታ መቀመጡን አልተውኩም። ምናልባት ልማድ ሆኖብኝ፣ ምናልባት አሥር ሺህ ዶላር ፊት ለፊት ተቀምጦ ስልክ መነካካት ነውር ስለሚመስል። በዚያው ሰሞን ነው የኢትዮፒክስን 11ኛ ቅጽ፣ የዓለሙ አጋን በገና የከፈትኩት። የማሽኑ ስም ዴቭ፣ በእኛ ዳዊት፤ መሣሪያው ደግሞ የዳዊት በገና። ይህ ግጥምጥሞሽ ብቻዬን አሳቀኝ።

በገና ሲነዝር ሰምቶ የማያውቅ ሰው ካለ ላስረዳው። አሥር ገመድ አለው፤ በልማድ ከበግ አንጀት የሚሠሩ። ገመዶቹ ከላይ ከቀንበሩ ተነስተው ከታች በቆዳ በተለበጠው ገበቴ ላይ ባለው በርኩማ ላይ ያርፋሉ። በእያንዳንዱ ገመድና በበርኩማው መካከል እንዝራ የምትባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። ምስጢሩ እሷ ናት። ገመዱ በተወዛወዘ ቁጥር ከበርኩማው ጋር እየተላከከ ያንን የሚነዝር፣ ደረት የሚገባ ድምፅ ይፈጥራል። እንዝራዋን ብታወጣት በገናው እንደ ማንኛውም ወፍራም ክር ድው ይላል እንጂ አይነዝርም። በተማርኩት ቋንቋ ብናገር፣ እንዝራ ሆን ተብሎ የገባ መዛባት ናት። ንጹሑን ሞገድ ታበላሻለች፤ ሲበላሽ እስከ ብዙ ሺህ ኸርትዝ የሚዘረጉ ድግግሞሾች ይወለዳሉ። የገመዱ ምት ዝቅ ያለ ነው፤ ንዝረቱ ግን ከላይ እስከ ታች ሁሉን ይሞላል። የዓለሙ አጋ በገና በጨለማው ውስጥ እንዲህ ሆኖ መጣ፤ ገመዱ ሲመታ፣ እንዝራው ሲነሳ፣ ንዝረቱ ቀስ እያለ ሲሳሳና ሊጠፋ ሲል ሌላው ሲተካው። ንዝረቱ መካከል እያንዳንዷን ጭረት መቁጠር የምችል መሰለኝ።

አልበሙ ሲያልቅ እጄ ራሱ ወደ አንድ ፋይል ሄደ። ስሙ «አባባ በገና ንጹሕ» ይላል። 43 ሜጋባይት ናት።

የእናቴ አባት ናቸው። የኖሩት ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ሲሆን፣ በዐቢይ ጾም ማታ ማታ በገና ይደረድሩ ነበር። እኔ ከመወለዴ በፊት ነው ያረፉት። በ1986 ዓ.ም. ጾም ላይ አጎቴ ከአዲስ አበባ ቴፕ ይዞ ሄዶ የካሴት አንድ ገጽ፣ አርባ አምስት ደቂቃ ቀድቷቸዋል። ከእሳቸው የቀረን ድምፅ ያ ነው። እናቴ በየዓመቱ ጾም ሲገባ ካሴቱን ታወጣለች፤ ቀኑን ሙሉ ሥራ ስትሠራ ዝም ብላ ታስከፍተዋለች። ልጅነቴ ውስጥ ጾም ማለት የሽሮ ሽታና ያ ካሴት ነው።

ፋይሉን ከፈትኩ። መጀመሪያ ማሽኑ የተበላሸ መሰለኝ። ገመዶቹ ጥጥ ተጠቅልሎባቸው የሚመቱ ይመስላሉ። ድው፣ ድው። እያንዳንዱ ምት በመቀስ እንደተቆረጠ ያልቃል። በምቶቹ መካከል ያለው ጸጥታ የቤት ጸጥታ አይደለም፤ ምንም የሌለበት ጸጥታ ነው፤ ዜሮ። ከአያቴ ድምፅ ሥር ደግሞ ውኃ ውስጥ የሚንተከተክ ነገር አለ፤ ቃል ሲጨርሱ ከኋላቸው ጠብ ጠብ ይላል። የዴቭን ቅንብር አየሁ፣ ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ። ከዚያ የዘጠኝ ዶላሯን ሰካሁ። ያው ነው። ስልኬ ላይ ባለው ኮፒ ሞከርኩ። ያው።

ያን ጊዜ ማን እንዳበላሸው አወቅሁ።

ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሆኜ ክረምት ላይ ቤት ስመጣ፣ ካሴቱ እያረጀ ነው ብዬ ወደ ኮምፒውተር ልገልብጠው ተነሳሁ። ሐሳቡ ትክክል ነበር። የቴፑን የማዳመጫ ቀዳዳ ከላፕቶፔ የማይክ ቀዳዳ ጋር አገናኝቼ ቀዳሁት፤ 476 ሜጋባይት ሆነ። እዚህ ላይ ብቆም ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር። ግን የካሴት ሹክሹክታ አለበት፤ እኔ ደግሞ ገና የፉርየ ትንተና የተማርኩ ሰሞን ነው፤ በእጄ መዶሻ ይዤ ሚስማር ስፈልግ ነበር። አንድ ነጻ ፕሮግራም አወረድኩ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ሙዚቃ የሌለበት አንዲት ሰከንድ ታሳየዋለህ፣ የጫጫታውን መልክ ከእሷ ይማራል፣ ከዚያ ያን መልክ ያለውን ነገር ሁሉ ከቀረጻው ያወጣልሃል። በሁለት ምት መካከል ጸጥ ያለ የመሰለኝን ቦታ መረጥኩ። አሁን ሳስበው ቦታው ጸጥ ያለ አልነበረም። ገመዱ ገና እየነዘረ ነበር። ፕሮግራሙን እንዝራውን ጫጫታ ነው ብዬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። እሱም እንደታዘዘው አርባ አምስት ደቂቃ ሙሉ እየለቀመ አወጣው። ትዕዛዙ ደካማ ሆኖ እንዳይቀር ደግሞ መጠኑን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጌዋለሁ።

ከዚያ በ128 ኪሎቢት ወደ ኤምፒስሪ ጨመቅሁት። ዋናውን ቅጂ አጠፋሁት፤ ፍላሽዬ ሞልቶ ነበር፣ የሆነ ተከታታይ ፊልም ልገለብጥበት ፈለግሁ። የትኛው ፊልም እንደነበር እንኳ አላስታውስም። ፋይሉን «ንጹሕ» ብዬ ሰየምኩት፤ እናቴ ስልክ ላይ ጫንኩላትና ኮራሁ።

በማግስቱ ደወልኩላት። አዲስ አበባ መሽቷል።

«እማዬ፣ ያኔ የአባባን በገና ሳስተካክለው ልዩነት ተሰምቶሽ ነበር?»

«ምነው ዛሬ ትዝ አለህ?»

«እንዲሁ ነው።»

«ነግሬህ ነበር እኮ። ንቡ የት ሄደ አልኩህ። አንተ ደግሞ ‹ንቡ ጫጫታ ነው እማዬ፣ እሱን ነው ያወጣሁልሽ› አልከኝ። የተማርከው አንተ ነህ፣ እኔ ምን አውቃለሁ ብዬ ተውኩት።»

ንቡ። እንዝራ የሚለውን ቃል አታውቀውም፤ ልጅ ሆና እንዲያ ብላ ነው የጠራችው። ያለችኝን አሁን ስትነግረኝ ነው የታወሰኝ፤ ማዕድ ቤት በር ላይ ቆማ፣ እጇ ዱቄት ሆኖ። የመለስኩላትም ታወሰኝ። ስለ ጫጫታና ስለ ሲግናል ረዘም አድርጌ አብራርቼላት ነበር።

«ታዲያ ለምን በየዓመቱ ታዳምጪዋለሽ?»

«ድምፁ አለ አይደል? አባባ ይናገርበታል እኮ።»

«ካሴቱስ?»

ትንሽ ዝም አለች። «ከነዚያ ከድሮዎቹ ጋር በካርቶን አድርጌ ለቁራሌው ሰጠሁት። ‹ኮምፒውተር ውስጥ ገብቷል፣ ከእንግዲህ አያስፈልግም› ብለኸኝ የለ እንዴ?» ከዚያ የከፋኝ መሆኑን ከድምፄ አውቃ ነው መሰለኝ፣ «በል ተወው የኔ ጌታ፣ ዕቃ ነው» አለችኝ።

ሌሊቱን አልተኛሁም። ጠረጴዛዬ ላይ በዓለም ከተሠሩት ሁሉ ጥንቁቅ ከሚባሉት ዳኮች አንዱ ተቀምጧል፤ 164,000 ታፕ አለው፤ የወጣን ነገር ግን መልሶ ማስገባት አይችልም። ዳክ በመንገዱ መጨረሻ ላይ ያለ ዕቃ ነው። ለእኔ የሚያስፈልገኝ የነበረው በመንገዱ መጀመሪያ ላይ ያለው፣ ድምፅን ወደ ቁጥር የሚለውጠው ነው፤ ከእሱም በፊት ደግሞ እጁን የሚሰበስብ ሰው።

ለአጎቴ የደወልኩት ብዙም ተስፋ ሳላደርግ ነው። ጋሼ ብለን ነው የምንጠራው፤ አሁን ደብረ ብርሃን ነው የሚኖረው። ያኔ ሲቀዳ ለራሱ አንድ ግልባጭ አስቀርቶ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅሁት። «አስቀርቼ ነበር፤ ልጆቹ ግን ከሬዲዮ ዘፈን ሲቀዱበት አይቻለሁ፤ የተረፈው ካለ አላውቅም። ማጫወቻውም ከተበላሸ ቆየ» አለኝ። እህቴ በቀጣዩ ቅዳሜ ከጎረቤት የተለመነ ቴፕ በፌስታል ይዛ 130 ኪሎ ሜትሩን ሄደች። ከመርካቶ ድምፅ የምታስገባ ትንሽ የዩኤስቢ ዕቃ እንድትገዛ አድርጌያለሁ፤ የዛሬ ላፕቶፖች ያ ቀዳዳ የላቸውም።

በቪዲዮ እያየኋት ነው የሠራችው። የቴፑን የማንበቢያ ራስ በአልኮልና በጥጥ አስጠረግኋት። ካሴቱን በእርሳስ ቀስ ብላ አንድ ጊዜ አጠነጠነችው። የተረፈው አሥራ አንድ ደቂቃ ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ ዘፈንና የሬዲዮ ማስታወቂያ ሆኗል። መጀመሪያ ሲጫወት ድምፁ ደብዛዛ ነበር፤ ልቤ ወደቀ። ራሱ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ብሎን በጠባብ መፍቻ በጣም በትንሹ እንድታዞራት ነገርኳት። ያ ብሎን የራሱን ዝንባሌ ከቴፑ ጋር ያስተካክላል፤ ከተዛባ መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ ነው። ሩብ ዙር ሳትሞላ ከስልኬ ድምፅ ማውጫ ውስጥ እንኳ ለውጡ ተሰማኝ። ጋሼ ከኋላዋ «እንዲያ! እንዲያ!» ሲል ይሰማል።

«አሁን ቅጂው፤ ምንም አትንኪ» አልኳት። «ሹክሹክታውስ?» አለች። «ይኑር።» በቴሌግራም ስትልከው በፋይል እንጂ በድምፅ መልእክት እንዳታደርገው ሦስት ጊዜ አስጠነቀቅኋት፤ ሦስተኛው ላይ ተቆጣችኝ። 116 ሜጋባይት ነው፤ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ እስኪደርስ ማክሰኞ ሆነ።

ዴቭ እሑድ ወደ ባለቤቱ ተመልሷል። «እሺ፣ ምን አልክ?» ሲለኝ የፈተናውን ውጤት ሳልደብቅ ነገርኩት፤ አሥራ አራቱንም፣ ዘጠኙንም። ተከፋ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እሱ ግን «እኔም ከአንድ ጊዜ በላይ አልሞከርኩትም፤ መልሱን አልፈለግሁትም» አለኝ። ከዚያ ስለ ካሴቱ ነገርኩት። ለረጅም ጊዜ ዝም ካለ በኋላ ፋይሉ ሲመጣ እሱ ቤት መጥቼ እንዳዳምጠው ጋበዘኝ። እሄዳለሁ ብያለሁ።

ግን አልጠበቅሁም። ማክሰኞ ማታ መብራት አጠፋሁ፣ ስልኬን ሌላ ክፍል አስቀመጥኩ፣ የዘጠኝ ዶላሯን ሰካሁ። መጀመሪያ ሹክሹክታው መጣ። ከዚያ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። እሳት ይንጣጣል፤ ራቅ ብሎ ከብት ይመስለኛል። አንዲት ሴት በሩን ዝጉት ትላለች። እናቴ ልትሆን ትችላለች፤ አክስቴም ልትሆን ትችላለች። አያቴ አሥሩንም ገመድ አንድ በአንድ ነክተው ቃኙ። አራተኛው ላይ ንቡ ተነሳ።

ለእናቴ ልኬላታለሁ። እስካሁን አልከፈተችውም። ጾሙ ይግባ ብላለች።